ድምፅ ማጉያ በጣራዬ ላይ

ጣራዬን ይረግጥብኛል። ቆርቆሮው ከእግሩ ሥር ይንጓጓል፣ ምስማሩ ይላላል።

«ማገሩ ላይ እርገጥ እንጂ!» እለዋለሁ ከታች ሆኜ። «ክረምት ሲገባ የምበሰብሰው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህ!»

«ጨረስኩ፣ እትዬ፣ ጨረስኩ።»

ደምለው ይባላል። ትናንት ከጎንደር ያመጡት ባለሙያ ነው። እንደ ጡሩምባ አፉን የከፈተውን ድምፅ ማጉያ ከጣራዬ ጫፍ ጋር በሽቦ ይጠፍረዋል። አፉን ወደ ገበያው አዙሮታል።

ቤቴን የመረጡት ገበያው ዳር ስለሆነ ነው። ፈቃድ የጠየቀኝ የለም። ካድሬው ዘሩ ጠዋት መጥቶ «አብዮቱ ጣራሽን ይፈልገዋል» አለኝ። ይህን ጣራ ባሌ ነው ሰሊጥ ሸጦ ያለበሰው። ያን ጊዜ አብዮቱ አንዲት ምስማር አላቀበለንም። ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀ።

«ሠራተኛ መቅጠር ክልክል ሆኖ ሳለ፣ ባል የሞተባት ናት፣ ትቅጠር ብሎ የፈቀደልሽ ማን ሆነና?»

ገበያው ላይ የቀን ሠራተኛው ታጭቋል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ የወረደ ሁሉ። ዛሬ ገበያ የወጡት ስኳር ይታደላል ተብለው ነው። እኔ ስኳሩን አላየሁም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ያየሁት፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ነው፤ ውስጡ ገመድ ተከምሮበታል። አምናም የቀን ሠራተኞችን ለስብሰባ ጠርተው እንዲህ ባለ መኪና አፍሰው ነው ጦር ሜዳ የሰደዷቸው። አንድም አልተመለሰ።

ልነግራቸው ስሄድ ሚሊሻው ገብረማርያም ጠመንጃውን አግድም ይዞ መለሰኝ። ጎረቤቴ ነው። «እትዬ፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ» አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። ዙሪያውን ሚሊሻ ነው።

መካከል ላይ ፈንቴ ተቀምጧል። ዓመት በዓመት የእኔን ሰሊጥ የሚያጭድ የጎጃም ሰው ነው። ባሌን ወባ የጣለው ጊዜ ከማሳ ተሸክሞ ያመጣልኝ እሱ ነው። አየኝና እጁን ያወዛውዛል።

«እትዬ ባንቺአየሁ! ዘፋኝ ቀጠሩ እንዴ? ሠርግ አለ?»

የከበቡት ይስቃሉ። 

ደምለው ወርዶ ሽቦውን በመስኮቴ ያስገባዋል። አምፕሊፋየር የሚሉትን ድምፅ የሚያጎላ ማሽን አልጋዬ ላይ አስቀምጦታል። አልጋዬ ላይ! የመኪና ባትሪ ምንጣፌ ላይ ነው። ቀዩን ሽቦ ከአንዱ ራስ፣ ጥቁሩን ከሌላው ያስራል።

«ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን መኪና አይተኸዋል?»

«እኔ የማየው ሽቦ ነው፣ እትዬ።»

«ይኼ ሽቦህ እኮ ነው ሰው የሚያስረው።»

«ኧረ ዝም ይበሉ! እኔም እናት አለችኝ።»

ማብሪያውን ይጫናል። ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ወዲያው ጣራው ላይ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይለቃል። ደምለው አንዱን ቁልፍ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ማይክሮፎኑን እጄ ላይ ያኖረዋል።

«እኔ ገበያው ጫፍ ቆሜ ላዳምጥ። እርስዎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይበሉልኝ። መቁጠር ይችላሉ?»

«እስክትጠግብ እቆጥርልሃለሁ።»

ይወጣል። ብቻዬን ነኝ።

«አንድ» እላለሁ። ጣራዬ «አንድ» ይላል። ገበያው ሁሉ ቀና ይላል።

አምልጡ ብላቸው ሚሊሻው ይተኩሳል። ግን ሚሊሻውም ገበሬ ነው። የታጨደው ሰሊጥ፣ የእነሱም የእኔም፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ከገበያው ቁልቁል እስከ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ ከወንዙ ማዶ ሱዳን ነው። ሂላ ነው የምንለው። የደረቀ ሂላ እሳት ከነካው፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ የዓመቱን ልፋት አመድ ያደርገዋል። እኛ ዘንድ የሂላ እሳት ሲባል ሬሳ የተሸከመም አስቀምጦ ይሮጣል።

«እሳት! ሂላው ነደደ! በወንዙ በኩል! እሳት! እሳት!»

ጣራዬ ያገሳል። ገበያው እንዳለ ይነሳል። ሠራተኛው የማን ሰሊጥ ነው አይልም፣ ይሮጣል። ገብረማርያም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ወርውሮ፣ እሳት መምቻ ቅጠል እየገነጠለ ይሮጣል። ጠባቂና ተጠባቂ ተደባልቆ ቁልቁል ይፈሳል።

ዘሩ በሬን በርግዶ ይገባል።

«የታል ጭሱ? የታል?»

«ትንሽ ታገስ፣ ይመጣል።»

በመስኮት አያለሁ። ወንዙ አጠገብ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሰማዩን ያያሉ፣ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ፊታቸውን ወደኔ ቤት ይመልሳሉ።  ዘሩ እጄን ይይዛል፤ በክርኔ ደረቱን እለዋለሁ።

«ፈንቴ! እሳት የለም! ስኳርም የለም! ሊያፍሷችሁ መኪና ቆሟል! ተሻገሩ! ወደ ሱዳን ተሻ—»

ሽቦውን ከባትሪው ይነቅለዋል። ጣራዬ ዝም ይላል። እኔ አልልም። በገዛ ጉሮሮዬ እጮኻለሁ፣ በጥፊ አፌን እስኪዘጋው።

«ሰሊጥሽ ገና ግማሹ አልታጨደም» ይላል እያለከለከ። «አሁን ማን ሊያጭድልሽ ነው? ቆሞ ይረግፋል!»

«ይርገፍ!» እላለሁ። ደም እተፋለሁ። «ይርገፍ!»

ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ይጎትተኛል። የሚጠራው ሚሊሻ በአካባቢው የለም። ሾፌሩ ሊደግፈኝ እጁን ይዘረጋል፤ አልይዝለትም። ራሴ እወጣለሁ። መኪናው ባዶ ነው፣ ሰፊ ነው።

ከላይ ሆኜ ሳይ ወንዙ ይታየኛል። ሰዎች ሱሪያቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይሻገራሉ። ከዚህ ሆኜ ፈንቴ የትኛው እንደሆነ አልለየውም። ወዲህ ዳር ሚሊሻዎቹ ቆመው ያያሉ። ገብረማርያም ከፊት ነው፤ ጠመንጃው እንደተንጠለጠለ፣ ለምለሙ ቅጠል እጁ ላይ።