የውባለም መታወቂያ

ሉዋም በሕፃንነቷ ወረቀት ሳይኖራት ድንበር ተሻግራ የመጣች ልጅ ናት፤ ያሳደጓት እማማ ዘርፌ ናቸው። ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጠው ድርጅት መታወቂያ አምጪ ሲላት፣ እማማ የሟች ልጃቸውን የውባለምን መታወቂያ ከሳጥን አውጥተው ሰጧት።

«ያው አንቺም ልጄ ነሽ» አሏት። እሷም በውባለም ስም ተፈትና አንደኛ ወጣች።

ከሽልማቱ በፊት የድርጅቱ ኃላፊ ቢሮዋ አስጠራቻት።

«ፎቶው አንቺን አይመስልም» አለች ኃላፊዋ። «አይዞሽ፣ ወረቀት የሌላቸውንም እናስተምራለን። ለማንም አሳልፈን አንሰጥሽም። የራስሽን ስም ብቻ ንገሪኝ።»

ነገረቻት። ለእማማ ግን አልተነፈሰችም፤ ደስታውን እዚያው ይስሙት ብላ ነው።

በሽልማቱ ቀን እማማ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሉዋም በገዛ ስሟ ተጠርታ መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ የሚጠራውን ስም ያዳምጡ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው አልተነሡም።

«እማማ፣ እንሂድ እንጂ» አለቻቸው፣ እጃቸውን ይዛ።

«ትንሽ እንቆይ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ። «ውባለምዬን እኮ ገና አልጠሯትም።»