ሁለት አብራሪዎች፣ አንድ ወንበር

ካፒቴን ናሲሚዩና ረዳት አብራሪው ኪቤት ናይሮቢ፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ ከተሰበሰቡት ሠራተኞች ፊት ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሁለቱም የሚወዳደሩት ለአንዲት የሠራተኞች ተወካይ ወንበር ነው። «ንግግሩ ይቅርብንና» አለች አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ከኋላ፣ «ከሁለታችሁ አለቃን ፊት ለፊት እምቢ የሚለው ማነው?» ኪቤት ካፒቴኗን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ይሄ ልጅማ ለማስነጠስም ፈቃድ ይጠይቃል!» አለ አንድ መካኒክ። ሃንጋሩ በሳቅ ተሞላ።

ካፒቴኗ ብቻ አልሳቀችም። «በቀደም በዚያ ዝናብ አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ኪቤት ‹ማኮብኮቢያው አይታየኝም፤ ወደ ላይ!› አለ። ካፒቴኑ ‹እኔ ይታየኛል፣ ዝም በል!› ብሎ ጮኸበት። በሥራችን አንዱ ‹ወደ ላይ› ካለ ሌላው መታዘዝ አለበት። ልጁም ዝም አላለም፤ አውሮፕላኑ ቀና እስኪል ድረስ ደጋገመው። ካረፉ በኋላ ደግሞ ለማንም አላወራም።»

«ካፒቴኑ ማን ነበር?» አለ መካኒኩ፣ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ።

አራት የወርቅ መስመር ያለበት እጅጌ ወደ ላይ ወጣ። «እኔ ነኝ» አለች ናሲሚዩ። «እጄንም አላወርድም፤ ድምፄን ለሱ ቁጠሩልኝ።»