እንዝራ

ዘካሪያስ የቆርቆሮውን በር በእግሩ ሲለው በሩ ከማጠፊያው ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። የጂራታ የሞተር ሽቦ መጠምጠሚያ ቤት የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ልጁ እድላዊት ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ጊታር ተጋድሟል፤ ከጊታሩ የወጣው ገመድ አንድ አሮጌ ስፒከር ላይ ተሰክቷል።

"እውነት ነዋ!" አለ። ውሸት በሆነ እያለ ነበር የመጣው።

ከቅዳሴ ሲወጣ የነገረችው ጧፍ ሻጯ እታገኝ ናት። "ልጅዎ ከሳሪስ አሮጌ ጊታር ገዝታ ስትወርድ አየኋት። ከጴንጤዎቹ አዳራሽ ገባች እንዴ ጋሽ ዘካሪያስ? ሳይነግሩን!" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከደጀ ሰላሙ እስከዚህ ድረስ በአፉ "አቤቱ፣ ቁጣዬን አብርድልኝ" ይላል፤ እግሩ ግን ይፈጥናል። የከባድ መኪናው ጥሩምባ እንኳ አላስቆመውም።

"በዐቢይ ጾም! በዐቢይ ጾም ጊታር!"

"አባዬ፣ ቆይ፣ ላሳይህ..."

"ያየሁት ይበቃኛል!"

ጂራታ ከጥግ ተነሳ። ትከሻው በር የሚያክል፣ ድምፁ ግን ለስላሳ ጎልማሳ ነው። "ጋሼ፣ በማርያም! አንዴ ይስሟት። ገና አላለቀም እንጂ..."

አላስጨረሰውም። ቡጢው አፍንጫው ላይ አረፈ። ጂራታ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ አንድ የተፈታ ሞተር ላይ ወደቀ፤ ደሙ በአገጩ ወርዶ ደረቱን አራሰው። ተነስቶ የዘካሪያስን ወገብ ጨምድዶ ያዘ። ተያይዘው ከመደርደሪያው ጋር ተላተሙ፤ ብሎንና የሽቦ ጥቅልል እላያቸው ላይ ዘነበ። ዘካሪያስ በክርኑ ጉሮሮውን አገኘው። ያ ግዙፍ ሰው ትንፋሽ አጥሮት በጉልበቱ ተንበረከከ።

ዘካሪያስን የሰፈሩ ሰው "ጉንዳን እንኳ ተሻግሮ የሚያልፍ" ይለዋል። እጁ ሰው መትቶ አያውቅም። አሁን ግን ያው እጅ ነው ቀበቶውን ከሱሪው መዞ ያወጣው።

"ጣይው!"

"አልጥልም!"

ጀርባዋን ሰጥታው ጊታሩ ላይ ተጠቀለለች። ቀበቶው ትከሻዋ ላይ ጮኸ። ደገማት። አንገቷ ላይ ሰንበር ተጋደመ። "አባዬ፣ ይሰበራል! አባዬ፣ ይሰበራል!" ነው የምትለው፤ ስለ ራሷ አንድም ቃል አልወጣትም። ይኼ ደግሞ ይብስ አነደደው።

"ለእንጨቱ ነው የምታዝኚው?"

ቀበቶው በተጠመጠመበት እጁ ጸጉሯን ይዞ ጎተታት። ከዱካው ወደቀች፤ ጉንጯ ከሲሚንቶው ጋር ተጋጨ። ጊታሩን ከእቅፏ መነጨቃት፤ አንገቱን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳው፤ የሞተሩ ብረት ላይ አወረደው። ቋ ብሎ ተሰበረ። አንገቱ እጁ ላይ ቀረ፤ ሆዱ በክሮቹ ብቻ ተንጠለጠለ።

ያን ጊዜ ነው ስፒከሩ የተናገረው።

ድምፁ የጊታር አልነበረም። ወፍራም ነው፤ ይነዝራል፤ ቀፎ ውስጥ እንደሚያጉረመርም ንብ ነው። የግድግዳው ቆርቆሮ ሁሉ አብሮት ነዘረ። ዘካሪያስ ክንዱ አየር ላይ እንዳለ ደረቀ።

ይኼን ድምፅ ያውቀዋል። ከአባቱ የወረሰው በገና እንዲህ ነበር የሚያጉረመርመው፤ አቃቂ የነበረው ቤታቸው በግሬደር ሲፈርስ ከግድግዳው ጋር እስኪጨፈለቅ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ጾም በገባ ቁጥር ከቅዳሴ መልስ ይቀመጥና ጣቶቹን ባዶ ጉልበቱ ላይ ሲያንቀሳቅስ ያመሻል። እድላዊት ራት ስታቀርብ ታየዋለች። ምንም ብላው አታውቅም።

ዓይኑ ክሮቹ ወደሚያርፉበት ወረደ። በእያንዳንዱ ክር ሥር ቁራጭ ቆዳ ተሸጉጧል። እንዝራ ነው፤ በገና እንዲነዝር የምትሸጎጠው ቆዳ። አንዷን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እየገፉ ድምፁን እስኪያገኙት ድረስ ትዕግሥት የምትጨርስ ሥራ መሆኗን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ድምፁን የሚቀበለው ማግኔት ደግሞ በጂራታ ቀጭን የሞተር ሽቦ እንደ አዲስ ተጠምጥሟል።

"በገናማ ከየት አባቴ አመጣለሁ?" አለች እድላዊት፣ መሬት ላይ እንደተቀመጠች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። "ይኼ በዋጋ ረከሰልኝ። ለሆሳዕና ላደርስልህ ነበር።"

ሱሪው እየወረደበት መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። በግራ እጁ ወገቡን ሲይዝ ቀበቶው ከእጁ አንጓ ተንጠልጥሎ ፊቱ ተወዛወዘ። ጫፉ የለም። በምላጭ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ባለፈው ሰሞን ሲታጠቅ አጥሮበት "በጾም ወፈርኩ እንዴ?" ብሎ ሲስቅ፣ እሷም አብራው ስቃ ነበር። የቀበቶው ዳር ነጭ ስፌት አለው። ክሮቹ ሥር ያሉት ቁራጮችም ነጭ ስፌት አላቸው።

ጂራታ አፍንጫውን በእጅጌው ይዞ፣ እየዳኸ ሄዶ የስፒከሩን ሶኬት ሊነቅል እጁን ዘረጋ።

"ተወው" አለ ዘካሪያስ። "አታጥፋው።"

አንድ እጁ ሱሪውን ይዟል። ሌላው የተሰበረውን አንገት ጨብጦ ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም የተንጠለጠለው ጊታር ያጉረመርማል።