ሁለቱ ጠርሙሶች

ለጀማሪ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያነት ያመለከተችው ወጣት ከሦስት ፈታኞች ፊት ቀረበች። መደቡ ዲግሪና ዜሮ ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ፈታኞቹ የሃያ ዓመት ልምድ አላቸው፤ ውሃ መርምረው ግን አያውቁም።

ሰብሳቢው ሁለት ጠርሙሶች አቀረበላት። «አንዱ ከአበባ እርሻው በታች ካለው ወንዝ፣ ሌላው ከቢሯችን ቧንቧ የተቀዳ ነው። የተበከለውን ለይተሽ አሳዪን።»

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠላትን የብክለት መለኪያ በሁለቱም ውስጥ ነከረች፤ ተጠራጥራም ደገመች። ከእሷ በፊት የገባው ተፈታኝ መለኪያውን ሳይነካ፣ የፈታኞቹን ዓይን ብቻ ተከትሎ አልፏል። እሷም ሥራውን አጥብቃ ትፈልገው ነበር።

«ጌታዬ፣ ሁለቱም የተበከሉ ናቸው» አለች።

ሰብሳቢው ሳቀ። «የእኛ የቧንቧ ውሃ? ይኸው!» አለና ከጠረጴዛው ጆግ የቀረውን ቀድቶ ጨለጠው። «በይ እህቴ፣ ትምህርትሽን እንደገና ጀምሪ።» በወረቀቷ ላይም ዜሮ ጻፈ።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘርፌ ባዶውን ጆግ ይዘው ተከትለዋት ወጡ። ስታለቅስ አይተው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

«ውይ ልጄን! ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት አለፈው እኮ። ጠርሙሶቹንም ጆጉንም የሞላሁት ከወንዙ ነው» አሏት።

ከውስጥ ሰብሳቢው ተጣራ። «እትዬ ዘርፌ፣ ውሃ!»

«መጣሁ ጌታዬ» አሉና ወደ ወንዙ ወረዱ።