የጉንፋን ዜማ

ልጄ መድረኩ ላይ ቆማ አነጠሰች።

«ይማርሽ!» አልኩ።

አምልጦኝ ነው፣ ያውም ጮክ ብሎ። አዳራሹን የሞላው የተፈታኝ ቤተሰብ በአንድ አፍ ሳቀ። ፒያኖ መቺው እጁን አነሳ፤ ልጄም አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ዜማው እኮ ነው!» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው የሚስቴ ወንድም፣ ጥርሱን ነክሶ። «ማስነጠሱን ደራሲው ራሱ ነው የጻፈው፣ በኖታ!»

እኔ ምን ልወቅ? ሰው ሲያነጥስ ይማርህ በል ተብዬ ነው ያደግሁት። ማስነጠስ፣ ስቅታ፣ አፍንጫ መሳብ ዘፈን ነው ቢሉኝ እንዴት ልመን? አንድ የዘመኑ ሙዚቀኛ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎት የደረሳት አጭር ቀልድ ናት አሉ። ልጄ ግን ሙዚቃ ትምህርት ቤት የምትገባውም የምትቀረውም በዚህች ቀልድ ነው።

የሚስቴ ወንድም ያውቃል። እሱ የማያውቀው ምን አለ? ድምፅ ያስጠናት እሱ፣ ዜማውን የመረጠላት እሱ። በሰርጌ ቀን «ሙሽራው ሥራው ምንድነው?» ሲሉት፣ «ቀለም ቀቢ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከግድግዳ ይግባባል» ብሎ ሰዉን ሁሉ ያሳቀብኝም እሱ። ልጅ ወልጄ ለዚህ አድርሻለሁ፤ ያ ሳቅ ግን ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

መነጽር ያደረገችው ፈታኝ ከፊት ወንበር ዞረች። «ማነው የተናገረው?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ብቻ አዞርኩ። የሚስቴን ወንድም አየት አድርጌ፣ «አይ አንተ!» እንደሚል ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። የፈታኟም ዓይን የኔን ተከትሎ እሱ ላይ አረፈ።

አየኝ። ያዋርደኛል ብዬ ጠበቅሁ። የምመልስለትንም፣ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን፣ ምላሴ ጫፍ ላይ አድርጌ ነበር።

«ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» አለ ብድግ ብሎ። «ልጅቷ አላጠፋችም። እባካችሁ፣ እንደገና ትጀምር።»

«ትጀምራለች። እርስዎ ግን ውጭ ይጠብቁ።»

እንዲያልፍ ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ጎንበስ ብሎ፣ «ስቅታው ላይ ደሞ ውሃ ስጧት እንዳትል» አለኝ በሹክሹክታ። አልሳቀም። ዓመት ሙሉ ያስጠናትን ሳይሰማ ወጣ።

ልጄ በሩ እስኪዘጋ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይማርሽ» ያለው የአባቷ ድምፅ መሆኑን መቼ ታጣዋለች?

ፒያኖው ጀመረ። ማስነጠሱም መጣ፣ ስቅታውም መጣ፤ ሰዉ መሳቅ በሚገባው ቦታ ሁሉ ሳቀ፣ ፈታኟም ሳትቀር። የአዳራሹ ወንበር ሰው ሲነሳለት ጓ ብሎ የሚታጠፍ ዓይነት ነው። እንዳይንኳኳ ብዬ የሚስቴን ወንድም ወንበር ከተነሳ ጀምሮ በመዳፌ ተጭኜ ይዣለሁ። ጨርቁ ገና ይሞቃል።