የማቹ ፒቹ ከፍታ

የደብረ ብርሃኑ ጡረተኛ አቶ ጌጤነህ ፔሩ ድረስ የመሄድ ሐሳብ ጨርሶ አልነበራቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ግን ካርታ ዘርግተው በየቀኑ ይነዘንዟቸዋል።

«የኢንካዎቹን ፍርስራሽ፣ ማቹ ፒቹን ሳላይ አልሞትም! መቼ ነው የምንሄደው?»

«ከፍታው ልቤን ያቆመዋል» ይላሉ እሳቸው።

በመጨረሻ «ሐኪም ይፍረድ» ተባባሉና አቶ ጌጤነህ ብቻቸውን ክሊኒክ ሄዱ።

ሐኪሙ መርምሯቸው ሳቀ። «አባባ፣ ፍርስራሹ እኮ ከደብረ ብርሃን አራት መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ልብዎም የጎረምሳ ነው።»

አቶ ጌጤነህ ማምለጫ አጥተው፣ ለመዋሸትም አፍረው ቤት ገቡ።

«ምን አለህ?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ገና ከበሩ።

«ሂድ አለኝ። በይ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር በእጃቸው ፈልገው ቁጭ አሉ።

«እኔ እኮ አውሮፕላን እፈራለሁ» አሉ። «ሐኪም ይከለክልሃል ብዬ ነው እንዲህ የነዘነዝኩህ!»