ጳጳሱ በቁማቸው ያሠሩት ሐውልት

ጳጳስ ፈርጋል፣ እንደ ቀደሙት የአየርላንድ ጳጳሳት፣ የመቃብራቸውን ሐውልት በቁማቸው አሠሩ። የእርሳቸውን መልክ ይዞ፣ ቀለበት ያጠለቀ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የተኛ ድንጋይ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቀለበታቸውን ሊሳለም ሲመጣ አሮጊቷ ሳይቭ ቀደመች። ሁልጊዜ "እጅዎ በረዶ ነው አባታችን፣ ምነው እሳት ቢሞቁ" እያለች ትነዘንዛቸዋለች። ዛሬ ግን አልፋቸው ሄዳ የድንጋዩን እጅ ሳመች።

"እሰይ፣ ዛሬስ ሞቅ ብሏል" አለች።

ዓይኗ ፈዟል ብለው ጳጳሱ በሆዳቸው ሳቁ። ቀጥሎ ሐውልቱን የጠረበው ኮንላ መጣ።

"ኮንላ፣ ያቺን ሴትዮ ወዲህ አምጣት እስቲ" አሉት።

ኮንላ ባጠገባቸው አልፎ፣ ቆቡን አውልቆ ድንጋዩ ፊት ተንበረከከ።

"ይባርኩኝ አባቴ።"

ጳጳሱ ሳያስቡት ሊባርኩት እጃቸውን አነሡ። የተነሣው ግን የድንጋዩ እጅ ነበር።